ፍሎር ፕላን ሳይደበዝዝ ወደ ምስል እንዴት ይቀየራል?

ሳይት ላይ ያለ ፎርማን የላካችሁለትን ፕላን በስልኩ ከፍቶ በሁለት ጣቱ እየለጠጠ ያያል። ምስሉ ከደበዘዘ 3.60 የሚለው ልኬት 3.80 ሊመስለው ይችላል። ሃያ ሳንቲ ሜትር ደግሞ ግድግዳ ላይ ትልቅ ነገር ነው፤ ብሎኬቱ ከተደረደረ በኋላ ያለው አማራጭ ማፍረስ ነው። ስለዚህ ፕላን ወደ ምስል ስቀይር ከሁሉ በፊት የማየው ትንሿ ቁጥር መነበቧን ነው። እሷ ከተነበበች ሌላው ሁሉ ይነበባል።

ብዙ ሰው ስክሪንሾት አንስቶ ይልካል። አንዳንዱ ደግሞ የሥዕል ፕሮግራሙ አውቶካድ ላይ "ፒኤንጂ አውት" ወይም "ጄፒጂ አውት" ብሎ ይጽፍና ጨረስኩ ይላል። ሁሉም የሚሰጧችሁ ስክሪናችሁ ላይ የሚታየውን ፒክስል ብቻ ነው። ስክሪኑ 1920 በ1080 ከሆነ ከዚያ በላይ ከየትም አይመጣም። ጥቁሩ ጀርባም ቢጫውም መስመር እንዳለ አብሮ ይወጣል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ስኬሉ ትክክል የሆነ ፒዲኤፍ አውጡ፣ ከዚያ ፒዲኤፉን ወደ ምስል ቀይሩ። አንድ እርምጃ ይጨምራል፣ ግን ያዋጣል። ፒዲኤፉ ቬክተር (በፒክስል ሳይሆን በመስመር ሒሳብ የተቀመጠ) ስለሆነ የቱንም ያህል ቢለጠጥ መስመሩ አይደበዝዝም፣ የመስመር ውፍረቱም በሚሊ ሜትር ተለክቶ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወደ ድሮዊንጉ ሳትመለሱ ከአንዱ ፒዲኤፍ ለስልክ የሚሆነውንም፣ ለፖርትፎሊዮ የሚሆነውንም፣ ለፕሪንት የሚሆነውንም እንደፈለጋችሁ ታወጣላችሁ።

ፕሮግራም ከመክፈታችሁ በፊት ግን ስንት ፒክስል እንደሚያስፈልጋችሁ አስሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። የወረቀቱን ሚሊ ሜትር ለ25.4 አካፍሉና በዲፒአዩ (በአንድ ኢንች ውስጥ ባለው የፒክስል ብዛት) አባዙት። ኤ3 ወረቀት 420 በ297 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ300 ዲፒአይ 4961 በ3508 ፒክስል ይሆናል። በ150 ዲፒአይ ደግሞ 2480 በ1754 ነው። ኤ1 በ300 ዲፒአይ 9933 በ7016 ይደርሳል፤ ይሄ ወደ 70 ሚሊዮን ፒክስል ስለሆነ አቅም የሌለው ስልክ ሲከፍተው ይቸገራል።

300 ለምን ተመረጠ? ቀጭኑን መስመር እዩት። የሃች (ቦታ የሚሞላ ጭረት) ወይም የወለል ታይል መስመር አብዛኛውን ጊዜ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው። 150 ዲፒአይ ላይ ይህ መስመር 0.77 ፒክስል ብቻ ነው የሚደርሰው። ከአንድ ፒክስል ያነሰ ነገር መሳል ስለማይቻል ፕሮግራሙ ወይ ግራጫ ያደርገዋል ወይ አንዱን ስሎ አንዱን ይዘለዋል፤ ታይሉ አንድ ቦታ ጠቁሮ ሌላ ቦታ ጠፍቶ የምታዩት ለዚህ ነው። በ300 ያው መስመር አንድ ተኩል ፒክስል ያገኛል፣ በ600 ሦስት ፒክስል። 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነው የተቆረጠ ግድግዳ መስመር በየትኛውም ይተርፋል፣ እሱ አያሳስብም።

አሁን አውቶካድ። ሞዴል (የምትስሉበት ገጽ) ላይ ሆናችሁ ፕሎት (ኅትመት) አታድርጉ፣ ሌይአውት (የወረቀቱ ገጽ) ውስጥ ግቡ። ለምሳሌ 12 በ9 ሜትር የሆነ ቤት በ1:50 ሲሳል ወረቀት ላይ 24 በ18 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ኤ3 ላይ ልኬቱም ታይትል ብሎኩም (የፕላኑ መረጃ የሚጻፍበት ሳጥን) ሳይጨናነቅ ይገባል። ወረቀቱን ኤ3 አድርጉና ቪውፖርት (ሥዕሉ ወረቀቱ ላይ የሚታይበት መስኮት) ክፈቱ። በሜትር የምትስሉ ከሆነ ቪውፖርቱ ውስጥ ገብታችሁ ዙም ካላችሁ በኋላ 20 ኤክስፒ (20xp) ጻፉ፤ 1000 ለ50 ሲካፈል 20 ስለሆነ ነው። በሚሊ ሜትር የምትስሉ ደግሞ 1/50 ኤክስፒ። ከዚያ ቪውፖርቱን ቆልፉት፣ ማውሱን ስታንከባልሉ ስኬሉ ሳታውቁት ይቀየራልና። የቪውፖርቱን ፍሬም ዴፍፖይንትስ ሌየር ላይ አድርጉት፤ እዚያ ሌየር ላይ ያለ ነገር አይታተምም።

ፕሎት መስኮቱ ላይ ፕሪንተሩን "ዲደብሊውጂ ቱ ፒዲኤፍ" በሉት። አዲስ ቨርዥን ያላችሁ "አውቶካድ ፒዲኤፍ ሃይ ኳሊቲ ፕሪንት" የሚለውን ምረጡ። "ፊት ቱ ፔፐር" የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሱና ስኬሉን 1:1 አድርጉ፤ 1:50ው ቪውፖርቱ ውስጥ አልቋል። ፕሎት ስታይሉን "ሞኖክሮም" አድርጉት። ጥቁር ስክሪን ላይ ፏ ብሎ የሚታየው ቢጫና ሰማያዊ መስመር ነጭ ወረቀት ላይ ሲመጣ የለም ማለት ይቻላል። ብዙ በርና መስኮት ከምስል ላይ የሚጠፋው በዚህ ነው። "ፕሎት ኦብጀክት ላይንዌይትስ" የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ግድግዳውም ፈርኒቸሩም አንድ ዓይነት ውፍረት ይዞ ይወጣል፣ ፕላኑም ይጨፈለቃል። ግልጽ ሙሌት ከተጠቀማችሁ ደግሞ "ፕሎት ትራንስፓረንሲ" የሚለውን አብሩ፤ ካልበራ የቀባችሁት ክፍል ድፍን ሆኖ ከሥሩ ያለውን ይሸፍናል።

አውቶካድ ቀጥታ ፒኤንጂ የሚያወጣበት የራሱ ፕሎተርም አለው፣ "ፐብሊሽ ቱ ዌብ ፒኤንጂ" ይባላል። ፕሮፐርቲ ውስጥ ገብታችሁ የራሳችሁን መጠን በፒክስል ትሞላላችሁ። ይሠራል፣ አልጠላውም። ችግሩ ወረቀቱን የሚቆጥረው በሚሊ ሜትር ሳይሆን በፒክስል መሆኑ ነው፤ መጠኑን ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር መስመሩ ከፕላኑ ጋር አብሮ አይወፍርም፣ ቀጥኖ ይቀራል። ለጥድፊያ ይሁን፣ ለሚገነባበት ፕላን ግን በፒዲኤፍ በኩል ሂዱ።

የአማርኛ ጽሑፍ ለብቻው ልፋት አለው። የክፍሎቹን ስም በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ የአውቶካድ የራሱ ኤስኤችኤክስ ፎንቶች ፊደላችንን አያውቁትም፣ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ነው የሚያመጡት። "ስታይል" ውስጥ ገብታችሁ እንደ ኒያላ፣ ኤብሪማ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ የዩኒኮድ ፎንት ምረጡ። የድሮዎቹን ዩኒኮድ ያልሆኑ ፎንቶች ተዉአቸው፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ "መኝታ ቤት" የሚለው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። የጽሑፉንም ቁመት ጨምሩ። ኤ3 ወረቀት 1280 ፒክስል ስፋት ባለው ምስል ሲገባ 2.5 ሚሊ ሜትር የነበረው ጽሑፍ ወደ ስምንት ፒክስል ይወርዳል። እዚህ ቁመት ላይ ቁጥር እንደምንም ይነበብ ይሆናል፣ "ቢ" እና "ቤ"ን የምትለየዋ ቅጥያ ግን አትታይም። እኔ ለአማርኛ ከ3.5 ሚሊ ሜትር አልወርድም።

ሬቪት የሚባለውን የሥዕል ፕሮግራም የምትጠቀሙ ነገሩ ይቀላችኋል። ከ2022 ቨርዥን ጀምሮ ፒዲኤፍ ኤክስፖርት ራሱ ውስጥ አለ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ቪው ላይ ሻዶው ከበራ ሬቪት ቬክተሩን ትቶ ራስተር (የፒክስል ምስል) ያደርገዋል፣ ስለዚህ ልኬት ላለበት ፕላን ሻዶውን አጥፉ። ቀጥታ ምስል ከፈለጋችሁ ኤክስፖርት ውስጥ "ኢሜጅስ ኤንድ አኒሜሽንስ" የሚል አለ፤ እዚያ ገብታችሁ ሺቱን (ሙሉውን ወረቀት) ምረጡና ጥራቱን 300 አድርጉ። "ከረንት ዊንዶው" የሚለውን ከመረጣችሁ ሺቱን ሳይሆን የከፈታችሁትን ቪው ነው የምታገኙት። አርኪካድም ላይ መንገዱ ያው ነው፣ ከሌይአውት ቡክ ወደ ፒዲኤፍ።

ፒዲኤፉን ወደ ምስል ለመቀየር የሚከፈልበት ፕሮግራም አያስፈልግም። ጊምፕ ነፃ ነው። ፒዲኤፉን ሲከፍት ሪዞሉሽን ይጠይቃችኋል፤ እዚያ 300 ጻፉ፣ አንቲአሊያሲንግ (የመስመር ጠርዝ ማለስለሻ) የሚለውን አብሩ። ኢንክስኬፕም ነፃ ነው፤ ፒዲኤፍ ሲያስገባ "ፖፕለር" የሚለውን አማራጭ ምረጡ፣ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ስለሚቀይረው ፎንቱ አይዛባም። ከዚያ ኤክስፖርት ላይ ዲፒአዩን 300 አድርጉ፣ ራሱ የሚያመጣው 96 ነው። ፎቶሾፕም ሲከፍት እንዲሁ ይጠይቃል። ማክ ያላችሁ ፕሪቪው ይበቃችኋል፣ ኤክስፖርት ብላችሁ ፒኤንጂ ስትመርጡ ሪዞሉሽን የምትሞሉበት ቦታ አለ። ሃቹ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ በ600 አውጡና መጠኑን ወደ ግማሽ አውርዱት፤ በቀጥታ በ300 ከወጣው የጠራ ይሆናል። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ነፃ መቀየሪያዎችን ግን አልመክርም። ምን ያህል ዲፒአይ እንደሚሰጧችሁ አይነግሯችሁም፣ የደንበኛችሁንም ቤት የማታውቁት ሰርቨር ላይ እየጫናችሁ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች ፒዲኤፉን ሲከፍቱ ጀርባውን ባዶ አድርገው ሊተዉት ይችላሉ። እናንተ ጋ ነጭ ይመስላል። ስልኩን ጥቁር ገጽታ ላይ ያደረገ ሰው ሲከፍተው ግን ጥቁር መስመር በጥቁር ጀርባ ላይ ይሆንና ምንም አያይም፣ "ባዶ ነው የላክልኝ" ይላችኋል። ስለዚህ ከማስቀመጣችሁ በፊት ከሥር ነጭ ሌየር ጨምሩና ፍላተን አድርጉት (ሁሉንም ወደ አንድ ሌየር ቀላቅሉት)።

ፎርማቱ ፒኤንጂ ይሁን። ጄፔግ የተሠራው ለፎቶ ነው፤ ሹል ጥቁር መስመር ነጭ ላይ ሲያገኝ ዙሪያውን አቧራ የመሰለ ነጠብጣብ ይረጭበታል። ትንሿን ቁጥር የሚያበላሻት እሱ ነው። መጠን ይቆጥባል እንዳትሉ፣ አብዛኛው ቦታው ነጭ የሆነ ፕላን በፒኤንጂ ብዙ ጊዜ ከጄፔጉ ያነሰ ነው። ፕላኑ ጥቁርና ነጭ ብቻ ከሆነ ሞዱን ግሬይስኬል አድርጉት፣ የበለጠ ይቀንሳል። ቀለምና ቴክስቸር የበዛበት የማርኬቲንግ ፕላን ከሆነ ጄፔግ በ90 ጥራት ያስኬዳል።

ስኬሉን በተመለከተ አንድ ነገር። ምስል ከሆነ በኋላ "1:50" የሚለው ጽሑፍ ዋጋ የለውም፣ እያንዳንዱ ስልክ በራሱ መጠን ነውና የሚያሳየው። የስኬል መስመር ሳሉበት፤ 0፣ 1፣ 2፣ 5 ሜትር ብሎ የተከፋፈለው። እሱ ከምስሉ ጋር አብሮ ስለሚያድግና ስለሚያንስ አይዋሽም።

ሶሻል ሚዲያ ላይ ለምትለጥፉት ሌላ ቅጂ አዘጋጁ። ኢንስታግራም ላይ 1080 ፒክስል ስፋት ባለው ምስል ውስጥ የውስጥ ልኬት ሁሉ ቢታጨቅ ማንም አያነበውም። እዚያው ሌይአውት ላይ ሌላ ቪውፖርት ክፈቱና የልኬቱን ሌየር በቪፒ ፍሪዝ (እዚያ ቪውፖርት ላይ ብቻ በመደበቅ) አጥፉት፤ ግድግዳ፣ በር፣ ፈርኒቸርና የክፍል ስም ይበቃል። ታይትል ብሎኩንም አውጡት። የባለቤቱ ስም፣ ስልኩና የካርታ ቁጥሩ እዚያ ላይ ተጽፏል፣ የሰው ቤት ከነበሩና ከነመኝታው ከስሙ ጋር አደባባይ መውጣት የለበትም።

ከመላካችሁ በፊት ምስሉን 100 ፐርሰንት አድርጋችሁ ሦስት ቦታ እዩ፦ ትንሿን ልኬት፣ የበሩን ቅስት፣ የመታጠቢያ ቤቱን ታይል። ልኬቷ ያለ ጥርጥር መነበብ አለባት፣ ቅስቱ መሰላል መሰላል መሥራት የለበትም፣ ታይሉ ወጥ መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ካልሆነ ወደ ፒዲኤፉ ተመለሱና ዲፒአዩን ጨምሩ። የወጣውን ምስል በፎቶሾፕ አሳድጉት ማለት ግን ዋጋ የለውም፣ የጠፋ መስመር በማሳደግ አይመለስም።

ስትልኩ በቴሌግራም ከሆነ "ፎቶ" ብላችሁ ሳይሆን "ፋይል" ብላችሁ ላኩት። እንደ ፎቶ ከሄደ ቴሌግራም ራሱ አሳንሶ ወደ ጄፔግ ይቀይረዋል፣ እስካሁን የለፋችሁት ሁሉ እዚያች ጋ ይቀራል። ዋትስአፕም ላይ "ዶክዩመንት" የሚለው ነው። ተቀባዩም ወደ ሌላ ሰው ሲያስተላልፍ ስክሪንሾት አንስቶ እንዳይልክ ንገሩት። የፋይሉ ስም ላይ ቀኑንና ሪቪዥኑን ጻፉ፣ "ግራውንድ ፍሎር ሪቪዥን 3" እንደማለት፤ ሳይት ላይ አሮጌው ፕላን ከአዲሱ ጋር የሚደባለቀው ስሙ "ፋይናል" የሆነ ፋይል ሲበዛ ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ ቤቱን በስልክ የሚያሠራ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ሺቱ ላይ እሱ የጠየቀበትን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ ጨምሩለት፤ ኩሽናው ላይ ጥያቄ ካለው የኩሽናውን ምስል ከሺቱ ጋር አያይዙለት።

ፕሪንት ቤት ስትሄዱ ምስሉን ተዉትና ፒዲኤፉን ስጡ። ምስል ካልሆነ የሚል ካጋጠማችሁ ቲፍ በ300 ዲፒአይ አድርጉለት፣ የሚታተመው ምንም ሳይቀንስና ሳይጨምር 100 ፐርሰንት እንዲሆንም ንገሩት። ሲወጣ ማስመሪያ አምጡና የስኬል መስመሩን ለኩት፤ በ1:50 የ5 ሜትሩ መስመር ወረቀት ላይ ልክ 10 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለበት።