የጋራዥ በር ሞላ ሲሰበር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መላው

ጥር ላይ ነው፣ ገና ሳይነጋ። ቨርጂኒያ ያለ ጎረቤቴ ደወለና "ጋራዥ ውስጥ ጥይት የተተኮሰ መሰለኝ" አለኝ። ሄጄ መብራቱን አበራንና ወደ በሩ አናት አየን። ዘንጉ ላይ የተጠመጠመው ጥቁር ሞላ ለሁለት ተከፍሏል፤ መሃሉ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። መኪናው ውስጥ ቀርቷል፣ የሥራ ሰዓቱ ደርሷል።

አሜሪካ ቤት የገዛችሁ ወገኖች፣ ይሄ አንድ ቀን እናንተም ቤት ይመጣል። ስለዚህ አሁኑኑ እንነጋገርበት።

ሞተሩ ያጓራል፣ በሩ ስንዝር ያህል ተነስቶ ይቆማል

ብዙ ሰው ሞተሩ ተቃጠለ ብሎ አዲስ ሊገዛ ይሮጣል። ቆይ! በሩን የሚሸከመው ሞተሩ ሳይሆን ሞላው ነው። የሁለት መኪና በር ብዙ ጊዜ ከ150 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፣ ወደ 70 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ሞላው ያንን ክብደት ስለሚያቀልለት ነው ሞተሩ በቀላሉ የሚጎትተው። ሞላው ከተሰበረ ቁልፉን ደጋግማችሁ አትጫኑ፣ የሞተሩን ጥርስ ትጨርሱታላችሁ።

ምክንያቱ እርጅና ነው። የተለመደው ሞላ 10,000 ጊዜ ከፍቶ እንዲዘጋ ተደርጎ ነው የሚሠራው። በቀን 4 ጊዜ ከተጠቀማችሁበት 7 ዓመት እንኳ አይሞላም። ያረጀ ሞላ ደግሞ ብዙ ጊዜ እጁን የሚሰጠው በብርድ ጠዋት ነው።

መኪናውን ለማውጣት የሞተሩን ሶኬት ንቀሉ፣ በሩን ከሞተሩ የምታላቅቀውን ቀይዋን ገመድ ሳቡ፣ ሁለት ሦስት ጠንካራ ሰው ሆናችሁ በሩን አንሱና ከሥሩ በጠንካራ እንጨት ደግፉት። ይህን የምታደርጉት ግን በሩ ተዘግቶ ከሆነ ብቻ ነው። በሩ ክፍት ሆኖ ሞላው ከተሰበረ ቀይዋን ገመድ አትንኩ፣ በሩ እንዳለ ይወርድባችኋል። ልጆችም እዚያ አካባቢ አይድረሱ።

የትኛው ሞላ ነው ያላችሁ?

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በግራና በቀኝ፣ ከላይኛው ሐዲድ ጎን ተለጥጦ የሚቆመው ነው። ይሄን ቤት ውስጥ መቀየር ይቻላል፤ በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሞላው ይላላል። ሶኬቱን ንቀሉ፣ በሩን ሰው ረድቷችሁ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ በሁለቱም በኩል፣ ሐዲዱ ውስጥ ከሚሽከረከረው ከታችኛው የበሩ ጎማ ሥር፣ ሐዲዱን ቆልፎ በሚይዝ ፒንሳ ንከሱት። ከዚያ አሮጌውን አውጥታችሁ አዲሱን አስገቡ። ሞላው ጫፍ ላይ ያለው ቀለም ስንት ፓውንድ እንደሚሸከም ይነግራችኋል፤ ለምሳሌ ቢጫው 130፣ ሰማያዊው 140፣ ቀዩ 150 ነው። ሁለቱንም አብራችሁ ቀይሩ። በሞላው መሃል የሚያልፈው ቀጭን የብረት ገመድ ከሌለ አሁኑኑ አስገቡለት። ሞላው ሲበጠስ ተወንጭፎ ሰው እንዳይመታ የሚይዘው እሱ ነው።

ሁለተኛው ከበሩ በላይ ዘንግ ላይ የተጠመጠመው ነው። እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ፦ ሲሠራ ቆማችሁ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ባለሙያ ጥሩ። በሩ ሲዘጋ ጉልበቱን ሁሉ አምቆ የሚይዘው ይሄ ነው። ዘንጉ ላይ ሁለት ሞላ ካለ አንዱ ተሰበረ ማለት ደግሞ ሌላው ላልቷል ማለት አይደለም፤ ያልተሰበረው እንደተጠመዘዘ ነው፣ ሰው የሚጎዳውም እሱ ነው።

እጃችሁ የለመደ ከሆነ ግን እንዲህ ነው። በሩ ተዘግቶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ፒንሳው ከጎማው በላይ ሐዲዱን ነክሶ ይሁን። መነፅርና ጓንት አድርጉ። ግማሽ ኢንች ውፍረትና 18 ኢንች ርዝመት ያላቸው ሁለት የብረት መጠምዘዣ ዘንጎች ያስፈልጋሉ፤ የሚገቡት ሞላው ጫፍ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ነው። ካቻቢቴ አይሆንም፣ በምንም ምክንያት አይሆንም! ከቀዳዳው ሾልኮ ፊት ላይ ይመጣል። ቆማችሁ የምትሠሩት ከመጠምዘዣው ዘንግ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎኑ በኩል ነው። አንዱን መጠምዘዣ ዘንግ አስገብታችሁ ጉልበቱን በእጃችሁ ከያዛችሁ በኋላ ነው ማጥበቂያ ቡሎኖቹን የምታላሉት። ከዚያ ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያላችሁ አላሉ፤ ሁለተኛው ዘንግ ሳይገባ አንደኛው አይወጣም።

አዲሱን ለመግዛት አሮጌው ሞላ ላይ የ20 ጥምዝ ርዝመት ለኩ። 5 ኢንች ከሆነ ሽቦው 0.25 ኢንች ነው። የውስጡን ስፋት፣ ጠቅላላ ርዝመቱንና ወዴት እንደተጠመዘዘም ጻፉ። "ተመሳሳይ ይመስላል" ብሎ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። አዲሱን ስትጠመዝዙት የመጠምዘዣውን ዘንግ ወደ ላይ እየገፋችሁ ነው፤ 7 ጫማ ቁመት ላለው በር ብዙውን ጊዜ 30 ሩብ ዙር ገደማ ይሆናል። ሞላው ላይ የተቀባችው መስመር ለመቁጠር ትረዳችኋለች።

ሞላው ደህና ከሆነስ?

በሩ ሊዘጋ ወርዶ ከተመለሰና መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብለው የተተከሉትን ሁለቱን ሴንሰሮች ጥረጉ፣ ፊት ለፊት አስተያዩዋቸው። በሩ አንድ ጎኑ ከተንጋደደ የብረት ገመዱ ከጥቅልሉ ወጥቷል፤ እሱንም ለባለሙያ ተዉት። የሚንጫጫ ሞላ የሚፈልገው የሲሊከን ወይም የሊቲየም ቅባት ነው።

ሞላ ከቀየራችሁ በኋላ ሶኬቱን ወዲያው አትሰኩ። ፒንሳዎቹን አንሱና በሩን በእጃችሁ እስከ ወገብ ከፍ አድርጉ። ቀጥ ብሎ ከቆመ ልክ ነው። የዘንጉ ሞላ ከሆነና በሩ ወደ ታች ከወረደ ዝጉትና በዚያው ጥንቃቄ በየሞላው ሩብ ዙር ጨምሩ፣ ወደ ላይ ከሸሸ ሩብ ዙር ቀንሱ፣ እስኪቆም ድረስ።