ለሐዘን ምክር ሲሄዱ ምን ይጠብቁ?

የለቅሶው ድንኳን ተነቅሎ ጠያቂው ሲመናመን ሐዘኑ የሚበረታባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ወደ ባለሙያ ለመሄድ አርባው ወይም ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ መጠበቅ አያስፈልግም።

አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ የሚወስደው የመጀመሪያው ቀጠሮ በአመዛኙ በጥያቄ ያልፋል፤ ማን እንደሞተብዎት፣ መርዶውን እንዴት እንደሰሙ፣ እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት እንደሆነ፣ መጠጥ አብዝተው እንደሆነ፣ ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብዎት እንደሆነም ይጠየቃሉ። የመጨረሻው ጥያቄ ቢያስደነግጥም የተለመደ ነውና በግልጽ ይመልሱ። የሚናገሩት በምስጢር ይያዛል፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን ባለሙያው ለሌላ አካል ሊያሳውቅ ስለሚችል የምስጢሩን ወሰን አስቀድመው ይጠይቁ።

በቀጣዮቹ ቀጠሮዎች ለቀስተኛ ፊት የማይነገረውን፣ ማለትም ጸጸትን፣ በሟች ላይ ያደረ ቁጣን፣ ከረጅም ማስታመም በኋላ የተሰማን እፎይታ ሳይቀር፣ ያለ ይሉኝታ መናገር ይቻላል፤ በእኔ ግምት የምክሩ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። ባለሙያው ለሟች ደብዳቤ እንዲጽፉ ወይም የሸሹትን ፎቶግራፍ ቀስ በቀስ እንዲያዩ ሊጋብዝዎት ይችላል። ከቀጠሮ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ቢከፋዎት ምክሩ አልሠራም ማለት አይደለም። ዓላማው ሟችን ማስረሳትም አይደለም፤ ጸሎትንና የዘመድ ማጽናናትንም አይተካም።

የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ 11ኛ እትም፣ ከ6 ወር በላይ የዘለቀን፣ ከማኅበረሰቡ ልማድ ያለፈንና የዕለት ኑሮን ያወከን ብርቱ ሐዘን ራሱን እንደቻለ የአእምሮ ጤና ችግር ይመለከተዋል፤ በዚህ ጊዜ ወደ አእምሮ ሐኪም ሊላኩ ይችላሉ።