አስጋሪውን ይዞ የውሃ ሀብት መጠበቅ፦ ከሜይን ሎብስተር አጥማጆች የምንወስደው አሰራር

ይሄን የምጽፈው ከአስጋሪዎች ጋር ለምትሰሩ ልጆች ነው፣ የወረዳ ባለሙያም ሁኑ የማህበር ሊቀመንበር። እኛ ጋ ሀብቱ ሊያልቅ ነው ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ክልከላ ነው፣ ደብዳቤ ይወጣል ማህተም ይመታበታል ይለጠፋል፣ አስጋሪው ደሞ ቀን የተከለከለውን ሌሊት ገብቶ ያወጣዋል ምክንያቱም እሱ ቢተወው ጎረቤቱ እንደሚወስደው ያውቃል። ሀብቱ እንዲያልቅበት የሚፈልግ አስጋሪ እኔ አላየሁም። ዛሬ የለቀኩት ነገ ተመልሶ ለኔ ይሆናል የሚልበት ምክንያት ሲያጣ ነው እንደዛ የሚያደርገው፣ እና ስራችሁ ያን ምክንያት መፍጠር ነው።

ይሄ በደንብ የተሰራበት ቦታ አሜሪካ ሰሜን ምስራቅ ጫፍ ያለችው ሜይን ናት። ሎብስተር ለማታውቁት ከሸርጣን ጋር የሚቀራረብ፣ ጠንካራ ቅርፊትና ሁለት ትልልቅ መቆንጠጫ ያለው የባህር እንስሳ ነው። በወጥመድ ነው የሚያዘው፣ ለመሸጥ እስኪደርስ ደሞ ከ5 እስከ 8 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፣ ስለዚህ አንዴ ከተሟጠጠ ቶሎ አይመለስም። እዛ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና 30ዎቹ ምርቱ ክፉኛ ወድቆ ነበር። በ2016 ግን ከ130 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣ፣ ወደ 60 ሺህ ቶን መሆኑ ነው። ለዚህ የባህሩ ሙቀትና ሎብስተሩን የሚበሉት ትልልቅ አሳዎች ማነስም ድርሻ አላቸው፣ ሁሉንም ለህጉ መስጠት ትክክል አይሆንም፣ ግን እናቶቹ ባይጠበቁ ኖሮ ያን ያህል የሚፈለፈል ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ስትጀምሩ ህግ ይዛችሁ አትሂዱ፣ መጀመሪያ ያለውን ህግ ጠይቁ። ማለቴ አስጋሪዎቹ እርስ በርስ የሚተዳደሩበት ያልተጻፈ ነገር ሁሌም አለ። ሜይን ውስጥ እያንዳንዱ ወደብ የራሱ ክልል አለው፣ የማንም መንግስት ካርታ ላይ የሌለ፣ ግን ሁሉም የሚያውቀው። ከሌላ መጥቶ እዛ ወጥመድ የጣለ ሰው መጀመሪያ ተንሳፋፊ ምልክቱ ላይ ገመድ ተቋጥሮ ያገኛል፣ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ካልሰማ ገመዱ ይቆረጥና ወጥመዱ ባህር ውስጥ ይቀራል። ገመድ መቁረጡ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም፣ ህገወጥ ነው፣ ግን ባለቤት እንዳለ ያሳያል። ባለቤት ያለው ውሃ ላይ ነው ጥበቃ የሚሰራው። እናንተም ቁጭ ብላችሁ ማን የት ይጥላል፣ ማን ከማን ጋር ተጣልቶ ያውቃል፣ በምን ታረቁ የሚለውን ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። እዚህ ላይ ወር ቢፈጅባችሁ አይቆጫችሁ።

ቀጥሎ ህጉ በእጅ የሚለካ ይሁን። ይሄ ለኔ የሁሉም ቁልፍ ነው። የሜይን አጥማጅ ወጥመዱን ስቦ ሲያወጣ ኪሎ ኮታ ምናምን አያሰላም፣ አንድ ትንሽ የብረት መለኪያ አለችው፣ ጫፏን ሎብስተሩ የአይን ጉድጓድ ላይ ያስገባና ጀርባው ላይ ያጋድማታል። የጀርባው ቅርፊት ከ3 ኢንች ከሩብ ካነሰ ወደ ባህር ይመለሳል፣ ከ5 ኢንች ከበለጠም ይመለሳል። ትልቁን መልቀቅ ብዙ ሰው ይገርመዋል፣ ግን አንዲት ትንሽ ሴት ከ5 እስከ 10 ሺህ እንቁላል ስትይዝ ትልቋ እስከ 100 ሺህ ትይዛለች፣ ትልቋን መሸጥ ማለት ወላድ ላም አርዶ መብላት ነው። ይሄ የትልቁ ጣሪያ ከ1933 ጀምሮ ያለ ህግ ነው። ልኬቱ ሰከንድ ነው የሚፈጀው፣ ረዳቱም አጠገቡ ቆሞ ያያል፣ ጀልባው ላይ የሚሰራ ልጅ ሁሉ ሳይነገረው ይማረዋል።

ከዛ እናቶቹን ምልክት አድርጉ። ሴቷ እንቁላሏን ከጭራዋ ስር አጣብቃ ነው የምትዞረው፣ ከ9 እስከ 11 ወር፣ ገልበጥ ስትደረግ ሆዷ ስር ኑግ የተነሰነሰባት ነው የምትመስለው። አጥማጁ እንዲህ ያለች ሲያገኝ ጭራዋ ላይ ካሉት አምስት ቅጠሎች ከመሀለኛው በስተቀኝ ያለውን በሹል ነገር ሸረፍ ያደርገዋል፣ ልክ እኛ የከብት ጆሮ ላይ ምልክት እንደምናደርገው፣ ከዛ ይለቃታል። ከዛ በኋላ እንቁላል ባይኖራትም ያ ሸራፋ እስካለ ድረስ ማንም ሊይዛት አይችልም። ቅርፊቷን ስትቀይር ምልክቱ እየጠፋ ይሄዳል፣ ያኔ እንቁላል ይዛ ያገኛት ሌላ አጥማጅ እንደገና ይሸርፋታል። እስቲ አስቡት፣ አንዱ የለቀቃትን ሌላው በማያውቀው ሰው እጅ የተደረገ ምልክት አይቶ ይለቃታል። መተማመን በስብሰባ ላይ በሚባል ቃል የሚመጣ አይደለም፣ እንዲህ ሌላው ሰው እንደለቀቀ በአይን የሚታይ ማስረጃ ሲኖር ነው የሚመጣው።

ወጥመዱም ራሱ ህግ ይጠብቅ። ትንንሾቹ የሚወጡበት ቀዳዳ በግዴታ ይኖረዋል፣ ወጥመዱ ጠፍቶ ባህር ስር ቢቀር ደሞ በጊዜ በስብሶ የሚከፈት ጎን አለው፣ ለማንም የማይጠቅም ግድያ እንዳይቀጥል።

ውሳኔውን ደሞ ስጧቸው፣ የምር ስጧቸው። በ1995 የወጣው የሜይን ህግ ባህር ዳርቻውን በሰባት ዞን ከፈለና ለየዞኑ አጥማጆቹ ራሳቸው የሚመርጡት ምክር ቤት አቋቋመ፣ አንድ ሰው ስንት ወጥመድ ይጣል፣ በስንት ሰዓት ይሰራ የመሳሰለውን በሁለት ሶስተኛ ድምጽ ይወስናሉ። ከዛም በፊት ስዋንስ አይላንድ የምትባል ደሴት ሰዎች በ1984 የወጥመድ ቁጥራችን ይገደብልን ብለው ራሳቸው ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል። አስተያየት ሰብስቦ የራስን መወሰን ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም፣ አስጋሪው ልዩነቱን በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ያውቀዋል፣ በሶስተኛው አይመጣም።

መረጃም አብራችሁ ሰብስቡ። ከ1985 ጀምሮ የስቴቱ ባለሙያዎች በአጥማጆቹ ጀልባ ላይ ተሳፍረው የተያዘውን ብቻ ሳይሆን ወደ ባህር የተመለሰውንም ይለካሉ። ገበያ ላይ ብቻ የሚለካ ሰው የተለቀቁትን እናቶች በፍጹም አያያቸውም፣ አጥማጁ ግን በየቀኑ ያያቸዋል። ስለዚህ ባለሙያው ቢሮ ቁጭ ብሎ አልቋል ሲል አጥማጁ ይስቅበታል። አብረው ከለኩ በኋላ ቢከራከሩም ክርክሩ በአንድ ቁጥር ላይ ነው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ችግር አይጠፋም። ከ2016 በኋላ ምርቱ ቀንሷል፣ የሜይን ባህረ ሰላጤ ውሃ በፍጥነት እየሞቀ ነው፣ ወደ ደቡብ ያሉት ሎንግ አይላንድ ሳውንድና አካባቢው ደሞ ከ1999ኙ እልቂት ወዲህ አላገገሙም፣ ሙቀቱን አጥማጅ በምልክት አያቆመውም። ወጣት ሎብስተሮች ሲቀንሱ ትንሹ ልኬት ትንሽ ከፍ ይበል ተብሎ ታቅዶ ነበር፣ አጥማጆቹ አጥብቀው ተቃወሙ፣ ካናዳ በትንሹ ልኬት እየሸጠች እኛ ገበያ እናጣለን ብለው፣ እና በ2025 መጀመሪያ እቅዱ ተተወ። እኔ ልኬቱ ቢጨምር ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ግን ስልጣን ስትሰጡ አንዳንዴ የማትወዱት መልስ እንደሚመጣ ከአሁኑ እወቁት፣ ያን ቀን ስልጣኑን መልሳችሁ ብትነጥቁ የዓመታት ስራ በአንድ ማታ ይፈርሳል።

አሁን ወደ እኛ ስመጣ፣ ጣና ላይ ይሄን እንዳለ ገልብጣችሁ አታምጡ። ሎብስተር ከወጥመድ በህይወት ነው የሚወጣው፣ መረብ ላይ የተጠላለፈ አሳ ግን ብዙውን ጊዜ ሞቶ ነው የሚገኘው፣ ስለዚህ ለክተህ ልቀቅ የሚል ህግ አይሰራም። መለካት ያለበት የመረቡ ቀዳዳ ነው። ለዚህ ከእንጨት የተጠረበ አንድ ሽብልቅ በቂ ነው፣ ማህበሩ በተስማማበት ስፋት ይጠረብና ለእያንዳንዱ ታንኳ አንድ አንድ ይሰጥ፣ ካላለፈ መረቡ ጠባብ ነው በቃ። እናቶቹን በተመለከተ ደሞ ነጭ አሳው በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ ሲወጣ ወንዞቹ አፍ ላይ ይከማቻል፣ መረብ የሚደረደርበትም እዛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጣም የመነመነበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የእኛ የጭራ ምልክት የሚሆነው ይሄ ቦታና ይሄ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ስብሰባችሁን ግንቦት ላይ አድርጉት፣ ወንዙ ሳይሞላ፣ አዳራሽ ሳይሆን እዛው ወንዙ አፍ ላይ። የሁለቱም ዳር አስጋሪዎች ይምጡ፣ በታንኳ ዞረው ከየትኛው ዛፍ እስከ የትኛው ድንጋይ መረብ እንደማይጣል ራሳቸው ያሳዩ፣ የሞተር ጀልባ ያላቸው ካሉም አብረው ይስሙ፣ እና ምልክቱን በዛው ቀን በእጃቸው ይትከሉት። ጥቅምት ላይ ተመልሳችሁ እዛው ቦታ ተቀመጡ፣ ማን ጣሰ ከሚለው በፊት ማን ጠበቀ ብላችሁ ጀምሩ።