የበጎ ፈቃደኞች መታሰቢያ፦ ከስም ዝርዝር እስከ ድንጋይ ተከላ

ከጎርፍ፣ ከመሬት መንቀጥቀጥ ወይም ከመሬት መንሸራተት በኋላ ፈጥነው ለደረሱ በጎ ፈቃደኞች መታሰቢያ ለማቆም የሚሰባሰብ ኮሚቴ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከድንጋይ ምርጫ ነው። መቅደም ያለበት ስም ነው፤ ቦታው ይከተላል፣ ድንጋዩ መጨረሻ ይመጣል። የተሰነጠቀ ድንጋይ ይቀየራል። ሌሊቱን ሙሉ ፍርስራሽ ሲቆፍር ያደረ ሰው ስሙ ተዘልሎ ሲያይ የሚሰማው ቅሬታ ግን በቀላሉ አይጠገንም።

ስም መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ማን እንደሚካተት በአንድ ገጽ ይጻፍ፦ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ያገለገሉ፣ በየትኞቹ አካባቢዎች፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው የሠሩ ይጨመሩ ወይስ አይጨመሩ። የድርጅቶች መዝገብ ብቻውን አይበቃም፤ የሚይዘው ተደራጅተው የመጡትን ነው። በጃፓን ኮቤ ከተማ እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1995 ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ከ1 ሚሊዮን በላይ በጎ ፈቃደኞች ተሰማርተው ነበር፤ ብዙዎቹ በማንም ሳይላኩ በራሳቸው የመጡ ናቸው። ስለዚህ የመጠለያዎችንና የሕክምና ጣቢያዎችን መዝገብ አገላብጡ፤ ሾፌሮችን፣ ምግብ ያበሰሉትን፣ ሬሳ ያነሡትን እየዞራችሁ ጠይቁ። ጥሪው ቢያንስ 3 ወር ክፍት ይሁን። በርዕሱ ሥር ደግሞ «ስማቸው ያልተመዘገበውንም ጨምሮ» የሚል ሐረግ ይቀረጽ። ይህ ሐረግ መቅረት የለበትም።

በስም መመዝገቢያው ቅጽ ላይ ሰውየው ስሙን በእጁ ጽፎ በአደባባይ እንዲቀረጽ መፍቀዱን በፊርማ ያረጋግጥ፤ ላረፈ ሰው ቤተሰቡ ይፈርማል። በእጅ ማስጻፉ ትልቅ ጥቅም አለው። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሲነበቡ አንድ ቢሆኑም ለባለቤቱ አንድ አይደሉም። ማዕረግ አይጨመር፣ ቅደም ተከተሉም በፊደል ተራ ይሁን። ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ስም ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር አንድ ገጽ ላይ መስፈር የለበትም፤ አስፈላጊ ከሆነ ከጀርባ ይግባ።

ዝርዝሩ ሲያልቅ በእውነተኛ መጠኑ በወረቀት ታትሞ ሕዝብ በሚያየው ቦታ ለ2 ሳምንት ይለጠፍ። ከዚያ አንዱ ሰው ፊደል በፊደል እያነበበ ሌላው ከቅጹ ጋር ያመሳክር፤ ሁለቱም ይፈርሙ። ከፊርማው በኋላ ማንም እንደገና መተየብ የለበትም። ፋይሉ ለቀራጩ የሚላከው ፊደሎቹ ወደ ቅርጽ ተለውጠው ነው፤ አለዚያ የአማርኛ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ባዶ ሳጥን ይሆናሉ ወይም በሌላ ፎንት ይተካሉ።

የፊደሉ ቁመት ከ18 ሚሊ ሜትር አይነስ። በትንሽ መጠን የ«ጬ» እና የ«ሿ» ቅጥያዎች ይደፈናሉ፣ ካዕብና ሣልስም መለየት ያቅታል። 80 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ በየጠርዙ 8፣ ለርዕስ 20 ሴንቲ ሜትር ቢተውለት፣ በ3.5 ሴንቲ ሜትር የመስመር ርቀትና በሁለት ዓምድ 48 ስም ይይዛል። ሁሉንም አትሙሉት፤ አንድ አምስተኛው ባዶ ይቆይ። በዋሽንግተን የሚገኘው የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲመረቅ 57,939 ስሞች ነበሩት፤ ከዚያ ወዲህ ሲጨመርበት ቁጥሩ ከ58,000 አልፏል።

ቦታው አደጋው ራሱ የደረሰበት ቢሆን ደስ ይላል፤ ነገር ግን ጎርፉ ከደረሰበት ከፍተኛ ልክ በላይ፣ ከተንሸራተተውም ተዳፋት የራቀ መሆን አለበት። የመሬቱ ይዞታ ጉዳይ በጽሑፍ ይጠናቀቅ። መንገዱ 1.5 ሜትር ስፋት ይኑረው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ሰው ዳገቱ በ12 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር አይብለጥ።

ለድንጋዩ ጥቁር ግራናይት ይመረጣል። እብነ በረድ አሲድነት ባለው ዝናብ ቀስ በቀስ ስለሚሟሟ ጽሑፉ ይደበዝዛል። ቅርጹ በአየር ግፊት በሚረጭ አሸዋ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይጥለቅ፤ በሌዘር የሚሠራው ላይ ላዩን ስለሆነ ውጭ ለሚቆም ድንጋይ አይመከርም።

80 በ120 ሴንቲ ሜትር የሆነው ድንጋይ ውፍረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ወደ 260 ኪሎ ይመዝናል። ለመሠረቱ 60 ሴንቲ ሜትር ይቆፈር። አፈሩ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር ጭቃ ከሆነ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይወጣ፤ ድንጋይ የሚያዘምመው በብዛት ይህ ነው። በተጠቀጠቀ ጠጠር ላይ 120 በ80፣ ውፍረቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ አርማታ፣ በላዩም 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መቆሚያ በፌሮ ተያይዞ ይሞላል። ድብልቁ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ነው፤ ባለ 50 ኪሎ 4 ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃል። ለአንድ ከረጢት ከ25 ሊትር በላይ ውሃ አይግባ፤ ውሃ ሲበዛ መሙላቱ ይቀላል፣ አርማታው ግን ይደክማል። 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ይታሰር፤ ከአፈሩ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። አርማታው ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ድንጋዩ የሚተከለው ከ28 ቀን በኋላ ነው።

ድንጋዩንና መቆሚያውን የሚያያይዙት ሁለት 16 ሚሊ ሜትር የስቴንለስ ዘንጎች ናቸው፤ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ 15 ወደ ታች ይገባሉ። ተራ ብረት ሲዝግ ስለሚያብጥ ድንጋዩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ቀዳዳው 20 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በሚመታ ድሪል ሳይሆን በሚሽከረከር የአልማዝ መብሻ ይበሳ። አቧራው በብሩሽና በአየር ካልወጣ ዘንጉ የሚጣበቅበት ኢፖክሲ የሚይዘው ድንጋዩን ሳይሆን አቧራውን ነው። መጀመሪያ ያለ ማጣበቂያ ገጥማችሁ ሞክሩ። ማንሻው ሰንሰለት ያለው ፓራንኮና ሰፊ የጨርቅ ቀበቶ ይሁን፤ በሰው ጉልበት ማንሣት እጅና እግር ያሳጣል። በውሃ ልክና በቱንቢ ከተስተካከለ በኋላ ለ24 ሰዓት ተደግፎ ይቆይ። መሬት መንቀጥቀጥ በሚደጋገምበት አካባቢ ግን ቀጥ ብሎ የሚቆም ድንጋይ አይመረጥም፤ ዝቅና ሰፋ ብሎ የተጋደመ ይሻላል፣ ስሌቱንም መሐንዲስ ይሥራው።

ለጽዳት ውሃ፣ ለስላሳ ብሩሽና ተራ ሳሙና ይበቃሉ። አሲድና የሽቦ ብሩሽ አይንኩት። የተፈረመው ዝርዝር፣ የፊደሉ ፋይልና የቅርጹ ጥልቀት ልክ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጡ፤ በባዶው ቦታ ላይ አዲስ ስም ለሚጨምረው ቀራጭ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው።