ያረጀ መርሴዲስ ሲንኳኳ፦ ዕቃ ከመግዛት በፊት የምንሠራቸው ስህተቶች

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ2004 ኢ ክላስ ናት፤ መካኒኮቹ ደብሊው 211 የሚሏት። ኮብልስቶን ላይ ስትወጣ ከፊት በቀኝ በኩል «ኳ፣ ኳ» ማለት ጀመረች። ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ አንድ ዙር ነድቶ ተመለሰና «አሞርዛተር ነው» አለኝ። ሁለቱም የፊት አሞርዛተሮች ተቀየሩ። ብዙ ብር ወጣ። ከጋራዡ ወጥቼ የመጀመሪያው ኮብልስቶን ላይ ስደርስ ያው «ኳ፣ ኳ»።

ሁለተኛው መካኒክ ቁልፌን እንኳ አልተቀበለኝም። «ሁለቱም ጎማ እኩል ጉብታ ላይ ሲወጣ ነው የምትጮኸው ወይስ አንዱ ብቻ ሲወጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። አሰብኩና «አንዱ ብቻ ሲወጣ» አልኩት። ልጁን ጠርቶ የመኪናዋን ጥግ ወደ ታች እየተጫነ እንዲወዘውዝ አደረገው። እሱ እጁን በጎማው ጀርባ አስገብቶ አንዲት ቀጭን ዘንግ ያዘ። «ና፣ አንተም ያዛት» አለኝ። ያዝኳት። መኪናዋ በተወዛወዘች ቁጥር ጣቴ ላይ ትንሽ ምት ትሰማኛለች። ስታብላይዘር ሊንክ ነበረች፤ ጫፏ ላይ ያለችው ኳስ ላልታለች። ግራና ቀኝ ጎማን የሚያያይዘው ስታብላይዘር የሚሠራው አንዱ ጎማ ከሌላው ሲለይ ነው፤ ለዚህ ነው እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ። ዋጋዋ ካወጣሁት ገንዘብ ጋር አይወዳደርም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችን ያለንን አሮጌ መኪና አጥብቀን ይዘናል። የመርሴዲስ ዕቃ ደግሞ ሶማሌ ተራ ቢገኝም ኪስ ይጎዳል። በግምት የተቀየረ ዕቃ አይመለስም። እኔም ሌላውም ሰው ሲሳሳት ያየሁትን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

«ትጮኻለች» ብሎ ብቻ ማስረከብ

መካኒኩ ከእናንተ የሚፈልገው «ምን ዓይነት ድምፅ» ከሚለው ይልቅ «መቼ» የሚለውን ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ከፍጥነቱ ጋር ይጨምራል ወይስ ከሞተሩ ዙር ጋር? ቆማችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ከጮኸ ነገሩ ከሞተሩ አካባቢ ነው። ስትነዱ ማርሹን ኤን ላይ አድርጋችሁ ስታንሸራትቷት ሞተሩ ጸጥ ቢልም ድምፁ ካልጠፋ፣ ጎማ፣ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ወይም ሴሚያስ (ኃይልን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) ነው። ይህን ለሁለት ሰከንድ ብቻ፣ ባዶና ሜዳ መንገድ ላይ ሞክሩት። ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ስትቀይሩ «ዱብ» ካለ ደግሞ ከካምቢዮ ወደ ኋላ በሚሄደው ዘንግ ላይ ያለችው ከጎማ የተሠራች ማያያዣ ተሰነጣጥቃ እንደሆነ ይታይ። ያገኛችሁትን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ጋራዥ ስትደርሱ ይረሳል።

ጤነኛ ድምፅን እንደ በሽታ መቁጠር

ይህ የቅንጡ መኪና ችግር ነው። ተራ መኪና የሌላት ብዙ ፓምፕና ሞተር አላት፤ ሁሉም የየራሱ ድምፅ አለው።

ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ስታስነሱ እንደ ቤት መጥረጊያ ማሽን «ሁው» የሚል ነገር ሰምታችሁ ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ከጠፋ አትደንግጡ። በቤንዚን ሞተሮቹ ላይ ወደ ጭስ ማውጫው አየር የሚነፋ ፓምፕ አለ። የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ቶሎ እንዲሞቅ ነው። ድምፁ ወደ ፉጨትና መፋጨት ከተለወጠ ብቻ ፓምፑ ውሃ ገብቶበት ወይም ኩሽኔታው አልቆ ይሆናል።

ሌላው የሚያስደነግጠው በሩን ስትከፍቱ ከኮፈኑ ስር የሚመጣው «ዝዝዝ» ነው። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ቁልፉ እጃችሁ ላይ ነው፣ መኪናዋ ግን ትጮኻለች። እስከ እ.ኤ.አ. የ2006ቱ ማሻሻያ ድረስ የተሠሩት ደብሊው 211ዎች ሴንሶትሮኒክ የሚባል ፍሬን አላቸው። የፍሬኑን ግፊት የሚያዘጋጀው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ በር ሲከፈት «ሰው መጣ» ብሎ ቀድሞ ይሞላል። ይህ ጤንነት ነው። ፓምፑ ፍሬን በነካችሁ ቁጥር፣ በትንሹም በትልቁም የሚነሳ ከሆነ ግን አስመርምሩት፤ ግፊት የሚያጠራቅመው ክፍል ደክሞ ሊሆን ይችላል። ይህ ፍሬን ቀልድ አይደለም። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ 680,000 መኪና፣ በ2005 ደግሞ ወደ 1.3 ሚሊዮን መኪና ጠርቷል፤ በሁለቱም ጊዜ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ፍሬን ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ ስለ ፍሬን ቀይ ጽሑፍ ከመጣ አትንዷት።

በብረት ስፕሪንግ ፋንታ በአየር ከረጢት የሚቆሙት መኪኖችም እንዲሁ ናቸው። ስታስነሷት ኮምፕሬሰሩ ለአጭር ጊዜ ቢያጉረመርም ደህና ነው። ሳያቋርጥ ከሠራ፣ በተለይ አድራ ጠዋት አንድ ጥጓ ዝቅ ብላ ከተገኘች፣ አየር እየወጣ ነው። ኮምፕሬሰር ለመግዛት አትሩጡ። የሳሙና ውሃ አረፋ የት እንደሚነሳ ያሳያችኋል። ቀዳዳውን ትታችሁ ኮምፕሬሰር ብትቀይሩ አዲሱም ይቃጠላል።

ድምፁ የተሰማበትን ቦታ ማመን

ብረት ድምፅ ይወስዳል። የኋላ ኩሽኔታ ሲያልቅ ከሾፌሩ ወንበር ስር የሚመጣ ይመስላል። ከፍጥነት ጋር የሚጨምር «ኡኡኡ» ከሰማችሁ ቀለበት መንገድ ላይ መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሞክሩት። ወደ ግራ ስትዞሩ ክብደቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ያኔ ድምፁ ከጨመረ ጥርጣሬው ቀኙ ላይ ነው። ካልተለወጠ ጎማውን በመዳፋችሁ ዳብሱት። ወለል ብሎ ካልተበላ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሻከራችሁ፣ የሚጮኸው ጎማው ራሱ ነው። የፊቱን ወደ ኋላ ቀይራችሁ ድምፁ አብሮ ከሄደ ተረጋገጠ።

ለሞተር አካባቢ ረጅም ካቻቢቴ ይበቃል። ጫፉን ዲናሞው አካል ላይ፣ እጀታውን ጆሮአችሁ ሥር። ጤነኛ ኩሽኔታ ለስላሳ ፍሰት ያሰማል፤ ያለቀው አሸዋ የሚፈጭ ይመስላል። ከዚያ ወደ ውሃ ፓምፑ፣ ከዚያ ቺንጋውን ወደሚወጥረው። ሻርፕ፣ ነጠላ ወይም ሰፊ እጅጌ ያለው ልብስ ከለበሳችሁ ግን አትሞክሩት፤ ቺንጋው ይጎትታል።

የሚንቀጠቀጥ ቆርቆሮ፣ ከሥር የላላ ፕላስቲክ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የሚንከባለል ክሪክ፦ እነዚህን መጀመሪያ ጨርሱ። መኪናዋን ባዶ አድርጋችሁ ንዷት።

ኮምፒውተሩ ሁሉን ያውቃል ማለት

«ዲያግኖስ ተደርጋ ምንም የላትም» ይባላል። ቴስቲና (የመሪ ዘንግ ጫፍ ኳስ) ሲላላ፣ ጎሚኒ (በብረቶች መካከል ያለው የጎማ ማለስለሻ) ሲቀደድ የሚናገር ሴንሰር የለም። ኮምፒውተሩ ዝም ቢል ይህን አያስተባብልም።

በተቃራኒው ደግሞ ጆሮ የማይሰማው አለ። መጀመሪያ ላይ የተሠሩት የኢ 350 ሞተሮች ውስጥ የሞተሩን መንቀጥቀጥ የሚቀንሰው የሚዛን ዘንግ ጥርስ ቶሎ ይበላል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው የቼክ ኢንጂን መብራትና 1200 ወይም 1208 የሚል ኮድ እንጂ ድምፅ አይደለም። ጥገናው ሞተር ማውረድ ይጠይቃል። ልትገዙ ከሆነ ይህን ሳታስነብቡ ብር አታውጡ።

ሞቃ የምትጠብቃችሁን መኪና መግዛት

ደላላው «ቅድም ነው ያስነሳኋት» ካለ ነገ ጠዋት ተመለሱ። እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ፤ ቀዝቃዛ ይሁን። የካቴና (የሞተሩ ውስጥ ሰንሰለት) መንቀጥቀጥ፣ የጭስ ማውጫ «ጢቅ ጢቅ» የሚሰማው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶችና ደቂቃዎች ነው። ብረት ሲሞቅ ይሰፋና ስንጥቁን ይደፍነዋል። ሬዲዮውን አጥፉ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ ግንብ አጠገብ ንዱ። ግንቡ ድምፁን ይመልስላችኋል።

የፍሬን ድምፅን «ነገ» ማለት፣ ለማንም መስጠት

ቀጭን «ሲጥ» የሚል ድምፅ አቧራም ሊሆን ይችላል። ብረት ብረትን ሲፍቅ ከሰማችሁ ግን የፍሬኑ ሸራ አልቋል፤ ዲስኩንም እየበላው ነው፤ በዚያው ቀን አስቀይሩ።

ሴንሶትሮኒክ ያለባት ከሆነች ደግሞ መካኒኩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ሸራውን ከማውጣትህ በፊት ሲስተሙን በኮምፒውተር ታጠፋዋለህ?» ሳይጠፋ ከተነካ ፓምፑ በራሱ ተነስቶ ፒስቶኑን በኃይል ይገፋል፤ በመካከል ያለ ጣት ይጨፈለቃል። «ምኑን?» ብሎ ከጠየቃችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሌላ ጋራዥ ሂዱ።