ለመጻፍ ብላችሁ ብቻችሁን ሐረር ስትሄዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጻፍ የሚወዱ ልጆች "ጽሑፍ እምቢ ብሎኛል፣ ብቻዬን አገር ልዙር" ሲሉ ደስ ይለኛል። ከጓደኞቹ ጋር የሚሄድ ሰው መንገዱን ሙሉ የሚያወራው ከጓደኞቹ ጋር ነው። ብቻውን የተቀመጠን እንግዳ ግን አገሬው ዝም አይለውም። "ከየት ነህ? ዘመድ አለህ እዚህ? ና ቡና ጠጣ" ይለዋል። ለጸሐፊ የብቻ ጉዞ ዋናው ጥቅም ይሄ ነው፤ ሰው ያናግራችኋል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶችም አብዛኞቹ ይህንን ዕድል የሚያበላሹ ናቸው። ምሳሌዬን ሐረር ላይ አደርጋለሁ።

ቦታው ይጽፍልኛል ብሎ መሄድ

ሐረር ሲነሳ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ አብሮ ይነሳል። "ራምቦን የሳበች ከተማ እኔንም ታነቃቃኛለች" የሚል ብዙ ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ፣ የአንድ የንግድ ድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ ነው። ግጥም መጻፍ ያቆመው ሐረርን ከማየቱ ከዓመታት በፊት፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ ነው። ከሐረር ለቤተሰቡ የላካቸው ደብዳቤዎች ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሸቀጥና ስለ መሰላቸት ያወራሉ። ያቺ ሁሉ ውበት በዙሪያው ነበረች፤ ወደ ግጥም ግን አልመለሰችውም።

ስለዚህ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። ትንሽ ጥያቄ ይበቃል። ጀጎል በሚባለው የአሮጌው ከተማ ግንብ ውስጥ ያደገ ሰው ከግንቡ ውጭ ቤት ሠርቶ ሲወጣ ምን ይጎድልበታል? ገበያ ላይ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ እያቀያየረች የምትሸጥ ሴት ስትናደድ በየትኛው ትናገራለች? እንዲህ ያለ ጥያቄ ያለው ሰው ማንን ማናገር እንዳለበት ያውቃል።

በነገራችን ላይ "የራምቦ ቤት" እየተባለ የሚጎበኘው ውብ ሕንፃ ራምቦ የኖረበት አይደለም። እሱ ከሞተ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ቤት ነው። መግባቱን ግቡ፣ ያምራል። "ራምቦ በዚህ መስኮት ቆሞ…" ብላችሁ ግን አትጻፉ።

ሁሉም የጻፈውን ጅብ ይዞ መመለስ

ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ከሰው እጅ ሲበላ ማየት በእውነት የሚገርም ነገር ነው። ግን ሐረር የሄደ ሁሉ ስለ ጅቡ ጽፏል፣ ፎቶም ለጥፏል። እናንተ ቀን ሄዳችሁ የሚያበላውን ሰው ሥጋውን ከየት እንደሚያመጣ፣ ሥራውን ማን እንዳስተማረው፣ ልጁ እንዲቀጥልበት ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት። ያኔ ጅቡም አዲስ ይሆናል።

ከዚያ መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ሂዱ። ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን ጠባቡ መንገድ ዳር ደርድረው ሲሰፉ ድምፁ የት እንዳላችሁ ይነግራችኋል። ቆም ብላችሁ አንዲት ሴት ከሰፊው ጋር በዋጋ ስትከራከር ስሙ። ወይም ሥጋ ገበያው ጊዲር መጋላ ሄዳችሁ ጭልፊቶቹ ከላይ ሲያንዣብቡ ሰው ሥጋውን እንዴት ሸፍኖ እንደሚሄድ ተመልከቱ። እኔ ከጅቡ ይልቅ ይሄ ይበልጥብኛል።

በሦስት ቀን አራት ከተማ

ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ባቢሌ፣ ጅግጅጋ ብሎ መሮጥ ለጎብኚ ይሆን ይሆናል። ለጸሐፊ አይሆንም። ጀጎል ውስጡ ሃምሳ ሄክታር እንኳ አይሞላም፤ ሰፈሩን ሁሉ በእግር ማካለል ይቻላል። ጠዋት ጠዋት አንድ ቡና ቤት ብቻ ተመላለሱ፣ ከግንቡ በሮችም አንዱን ብቻ ምረጡ፤ ሸዋ በርም ይሁን ኤረር በር። መጀመሪያ ቀን ዞር ብሎ ያላያችሁ ሰው በሦስተኛው ቀን "ዛሬ አረፈድክ" ይላችኋል። የሚጻፈው ነገር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

"የሚያምር ባህላዊ ቤት" ብሎ ማለፍ

ይሄ ዓረፍተ ነገር ለአንባቢ ምንም አያሳይም። የሐረሪ ቤት ስትገቡ ዋናው ክፍል ውስጥ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ መቀመጫዎች ታያላችሁ፤ ነደባ ይባላሉ። ማንም እንዳሻው የትም አይቀመጥም። አባወራው ቦታ አለው፣ እንግዳው ቦታ አለው። ግድግዳው ላይ ሳህኑና ቅርጫቱ ተደርድሯል። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተሰቀለ ቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ይባላል። እስቲ አስቡት፣ ምንጣፉ የሚወርድበትን ቀን የምትጠብቅ እናት፣ እንዲወርድ የማትፈልግ ልጅ። አንድ አጭር ልብ ወለድ እዚያው በሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ያልጠየቀ ሰው ግን ከሥሩ አልፎ ሄዷል።

ፎቶ አንሱ፣ ግን በፎቶው አትተማመኑ። የቡናውን ሽታ፣ ሰዎቹ የተናገሩበትን አነጋገር አይዝላችሁም። የሰማችሁትን ንግግር ያኑ ዕለት ማታ ደብተር ላይ አስፍሩት። ካደረ፣ የእናንተ አነጋገር ይሆናል እንጂ የእነሱ አይሆንም።

የሰውን ምስጢር ያለ ፈቃድ መውሰድ

ይሄኛው በጣም ያንገበግበኛል። በርጫ ላይ ወይም አውቶቡስ ውስጥ ሰው ለማያውቀው መንገደኛ ሆዱን ይከፍታል። የሚያጫውታችሁ እንግዳ ብሎ አክብሮ፣ ዳግም አንገናኝም ብሎም ተማምኖ ነው። ስልክ ደብቆ መቅዳት ነውር ነው። እንደምትጽፉ ንገሩት። "ታሪክህን ልጽፈው?" በሉት። እምቢ ካለ እምቢ ነው። ልብ ወለድ ቢሆንም ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ በጀጎል ሰው ለሰው ይተዋወቃል። "ቡዳ በር አካባቢ ያለችው፣ ባሏ ጅቡቲ የቀረባት ቅርጫት ሠሪ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ጎረቤቷ ሁሉ ያውቃታል። ሰፈሩንም፣ ሥራዋንም፣ ባሏ የቀረበትንም አገር ለውጡ።

ለጥበብ ብሎ ጥንቃቄን መተው

ከአዲስ አበባ ሐረር በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም በቅርብ ቀን የተጓዘን ሰው ጠይቁ። ጥርጣሬ ካለ እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን ሄዶ ከዚያ በሚኒባስ መቀጠል ይቻላል። ሳይመሽ ግቡ። የት እንዳረፋችሁ ለአንድ የቤት ሰው ንገሩ፣ በተለይ እህቶቼ። የፈራ ሰው አካባቢውን አያይም፤ የሚያየው መውጫውን ነው።

ገና መንገድ ላይ ሳሉ መለጠፍ

ቀኑን ያያችሁትን ማታ ፌስቡክ ላይ ወይም ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ ካወጣችሁት ታሪኩ እዚያው ያልቃል። ላይኩ ሲመጣ የተጻፈ ይመስላችኋል። ከዚያም በማግስቱ የምትፈልጉት ላይክ የሚያመጣውን ነገር ይሆናል። ደብተሩን ዘግታችሁ ወደ ቤት ተመለሱ። ሰንበት ካለ በኋላ ደብተሩን ሳታዩ፣ ትዝ ያላችሁን ብቻ ጻፉ። የደብተሩ ተራ ከዚያ በኋላ ነው፦ ስሞቹን፣ በሮቹን፣ ማን ምን እንዳለ አንድ በአንድ አስተያዩበት፤ የተሳሳተውን አርሙ።