በጎጃም የእርሻ ቦታ ላይ ያማረ የሠርግ ድግስ ስለማዘጋጀት

በእርሻ ቦታ ላይ የሚደገስ ሠርግ ውበቱን የሚያገኘው ከከተማ ተጭኖ ከሚመጣ ጌጥ ሳይሆን ከማሳው፣ ከዛፉና ከአዝመራው ነው። ስለዚህ ደጋሾች ከሁሉ አስቀድመው ሊመክሩበት የሚገባው ጉዳይ ቀኑ ነው። ቀኑ ከባለ እርሻው የሥራ ወቅት ጋር ካልተስማማ የቀረው ዝግጅት ሁሉ ትግል ይሆናል።

በጎጃም ጤፉና ስንዴው በአብዛኛው በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ይከመራል፤ ውቂያውም እስከ ጥር ሊዘልቅ ይችላል። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ያሉት ሳምንታት የሠርግ ወቅት ሆነው የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ መሬቱ ደርቋል፣ ዝናብ ብዙም አያሰጋም፣ እህሉ ወደ ጎተራ ገብቷል፣ ጎረቤትም ለማገዝ ጊዜ አለው። ይሁን እንጂ የነነዌ ጾም ከጥር 17 እስከ የካቲት 21፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባሉት ቀናት መካከል እየተዘዋወሩ ስለሚገቡ፣ ቀን ከመቁረጥ በፊት የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ መመልከት ግድ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ቀን ለመምረጥ ሰፊ ነጻነት ይገኛል። ሆኖም በዚያን ጊዜ ማሳው ባዶ ነው፤ ወደ ግንቦት ሲገፋም ዝናቡ ይጀምርና የመረሬ መሬት ያለበት መንገድ መኪና ይይዛል። ምርጫው የእኔ ቢሆን ጥርን አልለቅም።

የቦታው ዓይነት እንደ አካባቢው ይለያያል። በምሥራቅ ጎጃም ሜዳማ የጤፍና የስንዴ አገር እይታው ሰፊ ነው፤ ጥላውና የነፋስ መከላከያው ግን ትንሽ ስለሆነ የዋርካ፣ የሾላ ወይም የዋንዛ ዛፍ ያለበትን ግቢ መፈለግ ይበጃል። በመራዊ ዙሪያ የቆጋ መስኖ የሚያጠጣው መሬት ሌላው ማሳ ገለባ በሆነበት በጥር እንኳ አረንጓዴ ነው፤ ልምላሜ የሚወዱ ሙሽሮች ቢመርጡት አይቆጩም። በአዊ ደግሞ ቀርከሃውና ፈረሱ አሉ፤ ሙሽራውን በፈረሰኞች አጅቦ ወደ እርሻው ማስገባት እጅግ የሚያምር አቀባበል ነው። እዚያ ለምትደግሱ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓል ጥር 23 ቀን ስለሚከበር፣ በዚያ ሰሞን በእንጅባራ ለእንግዳ ማረፊያ ማግኘት ስለሚከብድ አስቀድማችሁ ያዙ።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ብዙዎች የሚዘነጉት፣ እኔ ግን የድግሱ ልብ አድርጌ የማየው አውድማው ነው። ውቂያው ተጠናቆ እህሉ ከተነሣ፣ ክብ ሆኖ የተደለደለው ያ መሬት ከየትኛውም ተከራይቶ ከሚመጣ መድረክ የተሻለ የእስክስታ ሜዳ ይሆናል። ከሠርጉ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ድንጋዩን ማስለቀም፣ ስንጥቁን በጭቃ ማስደፈን፣ ከዚያም ለውቂያ እንደሚደረገው ሁሉ በእበት ስስ አድርጎ ደጋግሞ ማስለቅለቅ ያስፈልጋል። በጥር ፀሐይ በሚገባ ከደረቀ ሽታ አይኖረውም፤ አቧራም አያስነሣም፣ ይህም ጥበብ ቀሚስ ለለበሰችው ሙሽሪትና ለነጭ ለባሹ እንግዳ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው። ከአውድማው ዳር አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ የሚቀመጥበት፣ ከበሮ መቺዎቹም የሚቆሙበት ስፍራ ይከለል። እንግዳው አውድማውን ከብቦ ሲቆም ዘፈኑን የሚቀበል ሕዝብ እንጂ ተመልካች ብቻ አይሆንም፤ ስለዚህ ግዙፍ ድምፅ ማጉያ ባይመጣ እመርጣለሁ።

ዳሱ ከአውድማው ጎን ይሠራ። ምሰሶውና ማገሩ ለመቆረጥ ከተተከለ ባሕር ዛፍ ይሁን፤ ወይራ፣ ጽድና ኮሶን የመሰለ የአገር ዛፍ ለአንድ ቀን ጌጥ ብሎ መቁረጥ ግን ነውር ነው። ጣሪያውን በቀርከሃ ወይም በቅጠላማ ቅርንጫፍ አልብሶ ብርሃን በስሱ እንዲያልፍ መተው ከላስቲክ ሸራ እጅግ ያማረ ጥላ ይሰጣል። በጥር ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ያዘነበለች ስለሆነች ከሰዓት በኋላ ብርሃኗ ከደቡብ ምዕራብ ይገባል፤ በዚያ በኩል ዳሱን መዝጋት፣ አውድማው በሚታይበት በኩል ደግሞ ክፍት ማድረግ ተገቢ ነው። ወለሉ ላይ ቄጠማ ይጎዝጎዝ፤ ጠጅ ሣር ጣል ጣል ቢደረግበት እግር በረገጠው ቁጥር መዓዛው ይነሣል። ሥራው በደቦ የሚሠራ በመሆኑ ጎረቤቶችን በጊዜ መጥራትና ለሚያግዙትም ምሳና ጠላ ማዘጋጀት የደጋሹ ግዴታ ነው።

ስለ አበባ ሲነሣ ብዙ ሙሽሮች አደይ አበባ ይመኛሉ፤ አደይ ግን የመስከረም ናት፣ በጥር አትገኝም፤ በፕላስቲክ አስመስሎ መስቀልም ማሳውን ማሳዘን ነው። በጥር የጎጃም ማሳ የሚሰጠው ወርቃማውን የስንዴ ነዶና የጤፍ ጭድ ነው። ነዶውን በገመድ አስሮ በዳሱ መግቢያ ግራና ቀኝ ማቆም፣ አሪቲና ጤና አዳም በትናንሽ እንስራ አድርጎ በየጠረጴዛው ማስቀመጥ፣ የሙሽሮቹንም መቀመጫ በጥበብ ነጠላና በስፌት ማስጌጥ ይበቃል። ከዚህ በላይ የሚጨመር ነገር ውበቱን እንዳይቀንስ እሰጋለሁ።

ምግቡ የታወቀ ስለሆነ ብዙ አልልም፤ ዶሮው፣ ቀይ ወጡና አልጫው፣ በኮባ ቅጠል የተጋገረው ድፎ ዳቦ ከየጎረቤቱ ባለሙያ እጅ ይወጣል። ጥንቃቄ የሚያሻው መጠጡ ነው። ጠላውና ጠጁ ጊዜ ስለሚወስዱ ጠጁን ከአንድ ወር አስቀድሞ መጣል፣ የጠላውንም ጌሾና ብቅል ቀደም ብሎ ማሰናዳት፣ ጋኑንም በወይራ ማጠን ይገባል። በገጠር ያልተጠራ ጎረቤትም መምጣቱ ክብር እንጂ ድፍረት ስላልሆነ፣ ከተጠራው ቁጥር ላይ ቢያንስ ሩቡን ጨምሮ መደገስ ያዋጣል። ባለ እርሻው ንብ የሚያረባ ከሆነ ደግሞ ዳሱም ሆነ ጄኔሬተሩ ከቀፎዎቹ መራቅ አለባቸው፤ ጫጫታና ሽቶ ንብን ያስቆጣሉ፣ የጠጁም ጣፋጭ ሽታ ይጠራቸዋል።

ውኃ፣ መጸዳጃና መንገድ የማይታዩ ቢሆኑም የድግሱ ጨዋነት የሚለካባቸው ናቸው። ለእጅ መታጠቢያ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አስቀድሞ መሙላት፣ ማስታጠቢያውንም የሚይዙ ወጣቶችን መመደብ፣ ከዳሱ ራቅ ብሎ ለሴቶችና ለወንዶች የተለያየ፣ በር ያለውና በሌሊት ብርሃን የሚገባለት መጸዳጃ ማስቆፈር ያስፈልጋል። መንገዱ ቀይ አፈር ከሆነ በዋዜማው ማምሻ ውኃ ማርከፍከፍ አቧራውን ያበርደዋል። በጥሪ ካርዱ ላይ ረጅም ተረከዝ ያለው ጫማ በማሳ ላይ እንደማይመች መጥቀስ፣ አረጋውያንንም እስከ ዳሱ ደጃፍ የሚያደርስ መኪና ማዘጋጀት እንግዳን ማክበር ነው።

የድግሱ ሰዓት ተክሊሉ ከሚጠናቀቅበት ጋር ታይቶ ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ ቢጀምር፣ የወላጆችን ጉልበት መሳምና ምርቃቱ በቀን ብርሃን ይከናወናሉ። ከ12 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባ የደብረ ማርቆስም ሆነ የእንጅባራ ብርድ ቶሎ ይወርዳልና ለሽማግሌዎች ጋቢ፣ ለሌላውም ከጭድ ክምሩ በሚገባ የራቀ እሳት ይዘጋጅ። ጧፍ ለጌጥ ባይበራ መልካም ነው፤ እርሱ የቤተ ክርስቲያን ነው። በዳሱ ጣሪያ ሥር የሚዘረጉ ትናንሽ አምፖሎች ይበቃሉ።

በማግስቱ የተረፈው ምግብ ለነዳያንና ላገዙት ጎረቤቶች ይከፋፈል፤ የዳሱ እንጨት ለባለ እርሻው ይተውለት። ከሁሉ በላይ ግን ከብቶቹ ወደ ማሳው ከመመለሳቸው በፊት ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ መጨረሻው ተለቅሞ መውጣት አለበት፤ ላም የዋጠችው ፌስታል ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ ሊገድላት ይችላልና፣ ለቀማውን የሚመሩ ሁለት ሰዎች ከሠርጉ ቀን አስቀድሞ በስም ይመደቡ።